ወደኋላ የሚሄድ የጓሮ ማሽን፦ ሥራው ያለው ዜሮ ማርሹ ላይ ነው

እንደ እጅ ትራክተር ያለ በቤት የተሠራ የጓሮ ማሽን ወደኋላ እንዲሄድ ማድረግ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል ቀጥ ብሎ እንዲቆም ማድረግ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ ማንሻው መሃል ላይ ሆኖ፣ ጎማው ንቅንቅ የማይልበት ሁኔታ ካልተገኘ፣ ማሽኑ ሰው ላይ የሚወጣበት መንገድ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ነው ንድፉ ሲጀመር ቀድሞ መታሰብ ያለበት ዜሮ ማርሹ ነው ብዬ አጥብቄ የማምነው። የፊትና የኋላ ማርሽ በእሱ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ።

ሞተሩን ራሱን ወደኋላ ማዞር የሚለውን ሐሳብ ቶሎ እንለፈው። ባለ አራት ምት ትንሽ ሞተር ቫልቮቹን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ የካንዴላውን ብልጭታም የሚሰጠው፣ ለአንድ አቅጣጫ በተስተካከለ ጊዜ ነው። ስለዚህ አቅጣጫው የሚቀየረው ከሞተሩ በኋላ፣ ኃይሉ ወደ ጎማ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው።

ስሌቱን ከጎማው መጀመር ይሻላል። ቁመቱ 40 ሴንቲሜትር የሆነ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 1.257 ሜትር ይሄዳል። ሰው ከኋላው ሳይሮጥ የሚከተለው ፍጥነት በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጎማው በደቂቃ 53 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው በደቂቃ 3,600 ይዞራል። ስለዚህ ወደፊት ሲሄድ አጠቃላይ ቅነሳው 68 ለ 1 አካባቢ ይሆናል፤ ሞተሩ 68 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ወደኋላ ሲሄድ የዚህን ግማሽ ፍጥነት፣ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር፣ እመርጣለሁ። ወደኋላ የሚሄድ ሰው እግሩን አያይም፤ መሰናክል ሲገጥመው ደግሞ በመሰናክሉና በማሽኑ መካከል ይያዛል።

ቀጥሎ የኃይሉን መጠን እንይ። ብዙ ሠሪዎች የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ይዘው ዘንግና ካቴና ይመርጣሉ፤ ውጤቱም አላስፈላጊ ክብደት ነው። ወሰኑን የሚያበጀው ጎማው መሬትን የሚቆነጥጥበት አቅም ነው። 150 ኪሎ የሚመዝን ማሽን በደረቅ አፈር ላይ የክብደቱን 0.6 ያህል ቢቆነጥጥ የሚገፋው በ880 ኒውተን ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ከተገፋ ጎማው ይሾራል። በ20 ሴንቲሜትር ራዲየስ ሲባዛ አክስሉ ላይ የሚደርሰው የመጠምዘዝ ኃይል 176 ኒውተን ሜትር ነው። በዚህ ግፊት በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያስፈልገው ኃይል 1 ኪሎ ዋት ገደማ ብቻ ነው። ሞተሩ 6.5 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 4.8 ኪሎ ዋት፣ ቢሰጥም የተረፈው ለሚቆፍረው ምላጭ ነው። ምላጩ ኃይሉን በራሱ መንገድ ከሞተሩ ይውሰድ፤ በኋላ ማርሹ ሳጥን በኩል አይለፍ።

አቅጣጫ የመቀየሪያ ዘዴዎች ብዙ ናቸው። ቺንጋን (የላስቲክ ቀበቶን) ስምንት ቁጥር አስመስሎ ማጣመም ቀላል ይመስላል፤ ግን የቪ ቺንጋ ሁለቱ ወገኖች በሚተላለፉበት ቦታ እየተፋተጉ ይበላላሉ። ሞተሩ ላይ የታሰረ የላስቲክ ዲስክን ከትልቁ ፑሊ (ቺንጋ ከሚዞርበት ጎማ) ጠርዝ ጋር በቀጥታ ማስነካትም ይሠራል። ሁለት ጠርዞች ሲነካኩ አቅጣጫው በራሱ ይገለበጣል፣ ክፍሎቹም ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ጠርዙ እርጥበት ወይም ዘይት ሲነካው ይንሸራተታል፤ ለአጭር ርቀት እንጂ ጭነት ይዞ ለመመለስ አልመርጠውም። ጠፍጣፋ ዲስክ ላይ ከላስቲክ የተሠራ ጎማ ከመሃል ወደ ግራና ቀኝ የሚንሸራተትበት ዘዴ ፍጥነትንም አቅጣጫንም በአንድ ማንሻ ይሰጣል። ድክመቱ ዜሮ ማርሹ ላይ ነው። ጎማው የዲስኩ መሃል ላይ ተጭኖ ከቆመ አንድ ቦታው ብቻ እየተፋቀ ይጎደጉዳል፤ ስለዚህ ሲቆም ከዲስኩ የሚያነሳው ሌላ ማንሻ ያስፈልገዋል።

ሁለት ቺንጋና ሁለት ሁልጊዜ የተያያዙ ጊሮችን መጠቀምም የተለመደ ሐሳብ ነው፦ አንዱ ቺንጋ ሲወጠር ወደፊት፣ ሌላው ሲወጠር ወደኋላ። ወረቀት ላይ ያምራል። ሆኖም ወደፊት በሚሄድበት ጊዜ ጊሮቹ የኋላውን ፑሊ በተቃራኒ አቅጣጫ ያዞሩታል፤ ልል ሆኖ የተቀመጠው ቺንጋ በአንድ ጫፉ ሞተሩ ወዲህ፣ በሌላው ፑሊው ወዲያ ይጎትተዋል። የኋላ ማርሹ ዝግ እንዲሆን ትንሽ ጊር ትልቁን የሚነዳ ከሆነ ደግሞ ይህ ፑሊ ወደፊት ሲኬድ በእጥፍ ፍጥነት ይሾራል። ቺንጋው አንድ ወቅት ሳይሞላው ይቃጠላል።

እኔ የምመርጠው ካቴናና ጊርን በሁለት ዘንጎች መካከል ጎን ለጎን ማስቀመጥን ነው። ካቴና አቅጣጫ አይቀይርም፤ የተያያዙ ሁለት ጊሮች ይቀይራሉ። አንዱ ዘንግ ከሞተሩ ይቀበላል፤ በላዩ ፒኞ (የካቴናው ትንሽ ባለ ጥርስ ጎማ) እና ትንሽ ጊር በቁልፍ (በዘንጉ ጎድጎድ ውስጥ በሚገባ የብረት ቁራጭ) ታስረዋል። ሌላው ዘንግ ወደ ጎማ ያስተላልፋል፤ በእሱ ላይ ኮሮና (የካቴናው ትልቅ ባለ ጥርስ ጎማ) እና ትልቁ ጊር በኩሽኔታ ላይ ነፃ ሆነው ይዞራሉ። በሁለቱ መካከል በዘንጉ ላይ የሚንሸራተት፣ በሁለቱም ፊቱ ጥርስ ያለው ቀለበት አለ። ወደ ኮሮናው ሲገፋ ማሽኑ ወደፊት ይሄዳል፤ ወደ ጊሩ ሲገፋ ወደኋላ። መሃል ሲቆም ማንንም አይነካም፤ ዜሮ ማርሹ ይህ ነው። አንድ ቀለበት በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊሆን ስለማይችል የፊትና የኋላ ማርሽ አብረው መግባት አይችሉም። ይህ ጥበቃ ከብረቱ ቅርጽ የመጣ ስለሆነ በሞላ ወይም በሽቦ ላይ አይንጠለጠልም።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ሞተሩ ላይ 80 ሚሊሜትር፣ ተቀባዩ ዘንግ ላይ 240 ሚሊሜትር ፑሊ ሲሆን ዘንጉ በደቂቃ 1,200 ይዞራል። ካቴናው የ12.7 ሚሊሜትር እርምጃ (ከአንዱ ፒን መሃል እስከ ቀጣዩ ያለ ርቀት) ያለው 428 የሚባለው የሞተር ብስክሌት ካቴና ነው፤ ፒኞው 16፣ ኮሮናው 25 ጥርስ። ጊሮቹ ሞጁላቸው (የጥርሱን ትልቅነት የሚለካው ቁጥር) 3 የሆነ፣ 20 እና 60 ጥርስ ያላቸው ናቸው። በዚህ መሠረት ወጪው ዘንግ ወደፊት 768፣ ወደኋላ 400 ይዞራል። ከዚያ ሁለት ጊዜ ከ13 ወደ 50 ጥርስ በካቴና ሲቀነስ ጎማው ወደፊት በደቂቃ 52፣ ወደኋላ 27 ጊዜ ይዞራል፤ በሰዓት 3.9 እና 2 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

በኋላ ማርሽ የጊሩ ጥርስ ላይ የሚያርፈው ጭነት በዚህ ቦታ 150 ኒውተን ገደማ ነው፤ ሞጁል 2 ጊርም ይሸከመዋል። ሞጁል 3 የተመረጠው በሌላ ምክንያት ነው፦ ትልቅ ጥርስ በቤት ውስጥ የተበሳ ቀዳዳን ትንሽ ስህተት ይችላል። ጥርሶቹ ቀጥ ያሉ ይሁኑ። ጠምዛዛ ጥርስ ዘንጉን ወደ ጎን ይገፋል፤ ጭነቱ በተገለበጠ ቁጥር ግፊቱም ስለሚገለበጥ በሁለቱም በኩል የጎን ግፊት የሚችል ኩሽኔታ ይጠይቃል።

በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት በጊሮቹ ይወሰናል፤ (20 + 60) × 3 ÷ 2 ማለትም 120 ሚሊሜትር። ካቴናው በዚህ ርቀት 39.6 ጉንጉን (የካቴና ማያያዣ) ይፈልጋል። ጎዶሎ ቁጥር ያለው ካቴና ደካማ የሆነ ማገናኛ ስለሚያስፈልገው 40 ጉንጉን ይደረጋል፤ ትርፉ 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ቢመስልም አጭር ካቴና ላይ በጉልህ ይረግባል። ርቀቱ በጊሮቹ ስለታሰረ ዘንጉን ማራቅ አይቻልም፤ ስለዚህ በላላው ወገን የፕላስቲክ መወጠሪያ ይገባል። ደግነቱ ይህ ካቴና ማሽኑ ወደኋላ በሚሄድበት ጊዜም የሚዞረው በዚያው አንድ አቅጣጫ ነው፤ ኮሮናው በወጪው ዘንግ ላይ ነፃ ነውና። አንድ መወጠሪያ በአንድ ወገን ይበቃዋል።

የሳጥኑ ጎኖች 10 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ ይቆረጣሉ። ሁለቱን ላሜራዎች በብየዳ ነጥብ አጣብቆ፣ የዘንጎቹን ቀዳዳ አንድ ላይ በስቶ፣ ከዚያ መለያየት ዘንጎቹ ትይዩ እንዲሆኑ ያደርጋል። በቶርኖ ወይም በፍሬዛ በትክክል ማስበሳት ካልተቻለ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ በቡሎን የሚታሰር የኩሽኔታ ቤት ከውጭ መግጠም ይቻላል። የቡሎኖቹ ቀዳዳ ሞላላ ይሁን። በጊሮቹ ጥርሶች መካከል አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት አስገብቶ ማጠጋጋት፣ ቡሎኑን ማሰር፣ ወረቀቱን አዙሮ ማውጣት ነው። ወረቀቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ለሞጁል 3 ጊር የሚያስፈልገውም ክፍተት ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ወረቀቱ ከተቀደደ ጠብቋል፤ ጥርስ ሳይጨፈልቀው ከወጣ ላልቷል። ከተስተካከለ በኋላ በእያንዳንዱ ቤት በኩል 6 ሚሊሜትር ፒን ተበስቶ ይገባል፤ አለበለዚያ ወደፊትና ወደኋላ የሚቀያየረው ግፊት ቡሎኑን ውሎ አድሮ ያንሸራትተዋል።

ዘንጎቹ 25 ሚሊሜትር ናቸው። ነፃ የሚዞሩት ኮሮናና ጊር እያንዳንዳቸው ጎን ለጎን ሁለት 6005 ኩሽኔታ ይፈልጋሉ፤ የኩሽኔታው ውስጠኛ ቀዳዳ 25፣ ውጪው 47፣ ስፋቱ 12 ሚሊሜትር ነው። በአንድ ኩሽኔታ ብቻ ከተያዙ ይወዛወዛሉ፣ ጥርሳቸውም አንድ ጠርዙ ላይ ይበላል። በነሐስ ቡሽ መተካት የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ያስብ፦ ማሽኑ ወደፊት ሲሄድ ዘንጉ 768፣ ትልቁ ጊር ደግሞ በተቃራኒው 400 ስለሚዞሩ ቡሹ የሚፋተገው በደቂቃ 1,168 ዙር ነው። ዘይት በደንብ ካልደረሰው ነሐሱ ዘንጉን ይነክሳል፤ ማሽኑም ዜሮ ላይ እያለ መሄድ ይጀምራል።

አሁን ወደ ቀለበቱ። የዚህ ሥራ ጥራት የሚለካው እዚህ ነው፤ ጊዜ ከተገኘ እዚህ ላይ ይጥፋ።

ቀለበቱ ከመካከለኛ ካርቦን ብረት፣ ከC45 ዓይነት፣ በቶርኖ ይወጣል። የአካሉ ርዝመት 30 ሚሊሜትር ሆኖ በእያንዳንዱ ፊቱ 8 ሚሊሜትር ከፍታ ያላቸው ሦስት ጥርሶች አሉት። ኮሮናውና ትልቁ ጊርም ፊት ለፊቱ ተመሳሳይ ሦስት ጥርስ አላቸው። ቀለበቱ መሃል ሲሆን በየወገኑ በጥርስና በጥርስ ጫፍ መካከል 2 ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል። ስለዚህ በኮሮናውና በትልቁ ጊር ፊት መካከል ያለው ርቀት 66 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ማንሻው ቀለበቱን ወደ አንዱ ወገን የሚገፋው ደግሞ 10 ሚሊሜትር ነው። ያ 2 ሚሊሜትር ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው። የኩሽኔታ ልቅነት፣ የሹካው መበላትና የማንሻው መታጠፍ ሲደማመሩ 1 ሚሊሜትር በቀላሉ ይጠፋል፤ ክፍተቱ ሲጀመር 1 ብቻ ከነበረ ዜሮ ማርሽ የለም።

ጥርሶቹ የሚገቡበት ክፍት ቦታ ከጥርሱ ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ጠባብ ከሆነ ማርሹ አይገባም፣ በጣም ሰፊ ከሆነ ደግሞ አቅጣጫ ሲቀየር በኃይል ይመታል። የሚገፋው የጥርስ ፊት ቀጥ ብሎ ከመቆም ይልቅ 3 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ያዘመመ ይሁን፤ ጭነት ሲመጣ ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ። ያዘመመው ወደ ውጭ ከሆነ፣ ወይም ጠርዙ በመመታት ብዛት ክብ ከሆነ፣ ማሽኑ ሽቅብ ሲወጣ ማርሹ በራሱ ይዘላል። ማርሽ የሚዘልበት ሳጥን ሲያጋጥም ብዙዎች የማንሻውን ሞላ ያጠነክራሉ። በሽታው ጥርሱ ላይ ነው፤ ፈትቶ ማየት ይሻላል።

ቀለበቱ በዘንጉ ላይ በሁለት ቁልፎች፣ ትይዩ በሆነ በ180 ዲግሪ፣ ይያዝ። አንድ ቁልፍ ብቻ ካለ ቀለበቱ በጭነት ዘንበል ብሎ ይነክሳል፤ ማንሻውም ከባድ ይሆናል። ጥርሶቹን ለማጠንከር ማግኔት መያዝ እስኪያቆም፣ ከዚያም ትንሽ አልፎ ማጋል፤ ወዲያው በዘይት ውስጥ መንከር፤ ከዚያ ፊቱን አጽድቶ ቀለሙ የገለባ ቢጫ እስኪሆን ድረስ በቀስታ ደግሞ ማሞቅ። ይህ የመጨረሻው ማሞቅ ከተዘለለ ጥርሱ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ከአሮጌ ካምቢዮ በተወሰደ የጠነከረ ጊር ላይ ጥርስ በብየዳ መለጠፍም ችግር አለው፤ ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ይሰነጠቃል። ጥርሶቹን ለብቻቸው በሚታሰር ዲስክ ላይ ሠርቶ በስድስት ቡሎን ከጊሩ ጋር ማሰር ይመረጣል።

ቀለበቱን የሚገፋው ሹካ ከነሐስ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቀለበቱ ላይ ባለ ጎድጎድ ውስጥ ግማሽ ሚሊሜትር ልቅነት ይኑረው። ሹካውን የተሸከመው ዘንግ ላይ ሦስት ጉድጓዶች ተቆፍረው 8 ሚሊሜትር ኳስ በሞላ ይገፋባቸዋል። የመሃሉ ጉድጓድ ከሁለቱ ጠለቅ ይበል፤ እጅ ዜሮውን ሳያይ እንዲያገኘው።

ጥርስ ለጥርስ የሚገጥም መቆላለፊያ እየዞረ አይገባም። ስለዚህ ከፊቱ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከሳጥኑ የሚያለያይ) ያስፈልገዋል፤ ለዚህ መጠን ማሽን የሚወጠርና የሚላላ ቺንጋ ይበቃል። 13 በ8 ሚሊሜትር የሆነው ኤ ቺንጋ ለ1 ኪሎ ዋት አያንስም፤ ጎማው ድንጋይ ሲገጥመው መንሸራተቱም ሳጥኑን ያድናል። ውጪው በጨርቅ የተሸፈነ ዓይነት ይሁን፤ ጎኑ የተቆረጠና ውስጡ የተሸነተረው ዓይነት ለስላሳ ሆኖ መነሳት አይችልም፣ በድንገት ይይዛል። በሞተሩና በተቀባዩ ዘንግ መካከል 400 ሚሊሜትር ካለ፣ ቺንጋው ሳይወጠር የሚፈልገው ርዝመት 1,319 ሚሊሜትር ነው፤ 1,340 አካባቢ የሆነ ይገዛል። ትርፉን የሚበላው መወጠሪያ ሮለር ነው፤ ቦታውም ቺንጋው ከሞተሩ ፑሊ በሚወጣበት፣ በላላው ወገን ነው። በጠበቀው ወገን ከተደረገ ሞተሩ በጎተተ ቁጥር ሮለሩን ይገፋዋል፤ ማንሻውም እጅ ያደክማል።

ቺንጋው ሲላላ ከሞተሩ ፑሊ ላይ እንዲነሳ በዙሪያው ሁለት ወይም ሦስት ጠባቂ ጣቶች ይበየዳሉ። ክፍተታቸው የሚለካው ቺንጋው ተወጥሮ ሳለ ነው፤ 3 ሚሊሜትር። ጣቶቹ ከሌሉ የላላው ቺንጋ ፑሊው ላይ እንዳረፈ ስለሚቀር ተቀባዩን ዘንግ ቀስ እያለ ያዞረዋል፤ ማርሹም ሲገባ ይንቋቋል። ይህንን ለማስቆም የፍሪሲዮኑ ማንሻ በመጨረሻው 15 ሚሊሜትር ጉዞው ላይ ትንሽ የፍሬን ሸራ በ240ው ፑሊ ላይ ይጫን። ቺንጋው ይላላል፣ ዘንጉ ይቆማል፣ ከዚያ ማርሹ ይገባል። የፍሪሲዮኑ ማንሻ በእጅ ሲለቀቅ በሞላ ወደ ልል የሚመለስ ይሁን፤ ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ሰው ሲወድቅ እጁን ይለቃል።

ቁልቁለት ላይ ሌላ ነገር ይከሰታል። ጎማው ሞተሩን መግፋት ሲጀምር የቺንጋው የጠበቀውና የላላው ወገን ይቀያየራሉ፤ ሮለሩ ይገፋና ቺንጋው ይንሸራተታል። በሞተር መያዝ አይታመንም ማለት ነው። ከሳጥኑ በኋላ ባለው ዘንግ ላይ ለብቻው የሚሠራ ፍሬን ያስፈልጋል።

ከሳጥኑ በኋላ ያለው ሁሉ አሁን በሁለት አቅጣጫ ስለሚሠራ ወደፊት ብቻ ለሚሄድ ማሽን የሚሠራ ልማድ እዚህ ይከሽፋል። የብስክሌት ነፃ ኮሮና ወደኋላ ኃይል አያስተላልፍም። እንደ ቡሎን ተጠምዝዞ የሚታሰር ፒኞ ወደፊት ሲጠብቅ የኖረው ወደኋላ በሚሄድበት ጊዜ ተፈትቶ ይወጣል። በሞላ የሚገፋ የካቴና መወጠሪያ በመጀመሪያ የኋላ ጉዞ ይታጠፋል፤ ያኔ የላላው ወገን የጠበቀው ሆኗልና። እዚህ ካቴናው የሚወጠረው ኩሽኔታውን በማንሸራተት ነው። በ20 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ 6 በ6 ቁልፍ ልክ ሆኖ ይግባ፤ ላላ ያለ ቁልፍ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር ይመታል፣ ጎድጎዱን ያሰፋል፣ በመጨረሻም ዘንጉን ይሰነጥቃል። በቁልፉ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ቡሎን ከመንቀሳቀስ ይከለክለው። የትራክተር ጎማ ጥርስም ለወደፊት የተሠራ ነው፤ በእርጥብ አፈር ወደኋላ ሲዞር ጭቃውን ከማስወጣት ይልቅ ይጠቀጥቀዋል።

የእጅ ትራክተር ከሆነ የእጀታው ነገር አለ። ወደኋላ ሲነሳ አክስሉ ላይ ያለው ኃይል እጀታውን ወደ ላይ ያነሳዋል። 176 ኒውተን ሜትር ከአክስሉ 1.1 ሜትር በሚርቅ እጀታ ላይ 160 ኒውተን ነው፤ 16 ኪሎ ገደማ። በቀስታ ከተነሳ የሚያዝ ነው፣ በድንገት ከሆነ ግን አገጭ ይመታል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ምላጩ እየዞረ ወደኋላ መሄድ ነው። ምላጩ ሰውየው እግር ላይ ይመጣል። ስለዚህ የምላጩ ማንሻና የኋላ ማርሹ ማንሻ በአንድ ላሜራ ላይ በተቆረጠ ቦይ እርስ በርስ ይዘጋጉ፤ ምላጩ ከገባ የላሜራው ጠርዝ የኋላ ማርሹን መንገድ ይዝጋው። በተጨማሪ የሞተሩ ማጥፊያ ሽቦ ላይ ሁለት ማብሪያዎች በተከታታይ ሊገቡ ይችላሉ፤ አንዱን ምላጩ፣ ሌላውን የኋላ ማርሹ ይዘጋዋል፤ ሁለቱም ሲዘጉ ሽቦው ከሞተሩ አካል ጋር ተገናኝቶ ሞተሩ ይጠፋል። ሽቦው ከተበጠሰ ግን ይህ ጥበቃ ሳይታወቅ ይጠፋል፤ ዋናው መከላከያ ላሜራው ነው።

በባትሪ ለሚሠራ ሰው ሳጥኑ ሁሉ ይቀርለታል። ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተር ሁለቱ ሽቦዎች ሲቀያየሩ ወደኋላ ይዞራል። ጥቅልሎቹ በተከታታይ የተገናኙበት ሞተር ግን ሁለቱም ሽቦ ቢቀያየር እንደ ድሮው ይዞራል፤ ከመስክ ጥቅልልና ከሚዞረው ጥቅልል አንዱን ብቻ መገልበጥ ያስፈልጋል። እየዞረ ከተገለበጠ ከተነሳበት ጊዜ እጅግ የበዛ ከረንት ይስባል፤ እዚህም ማንሻው ዜሮ ላይ ቆይቶ እንዲያልፍ መገደድ አለበት።

ሙከራው ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው፣ የካንዴላው ሽቦ ተነቅሎ፣ በእጅ በማዞር ይጀምራል። በሦስቱም የማንሻ ቦታ ፑሊው ሙሉ ዙር ይዞር፤ የሚነካ፣ የሚጠብቅ ቦታ ካለ አሁን ይታወቃል። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ 80ደብልዩ90 ዘይት የትልቁ ጊር ጥርስ እስኪነከር ብቻ ይሞላል፤ ከዚያ ከበዛ ይሞቃል፣ በዘንጉ በኩልም ይወጣል። የኩሽኔታ ቤቶቹ ከውጭ የታሰሩ ከሆነና ሳጥኑ ዘይት የማይዝ ከሆነ ጊሩ ግራሶ፣ ካቴናው ዘይት እየተቀባ ይሠራል፤ ቶሎ ቶሎ መቀባትን ግን ይጠይቃል። ሞተሩ በዝቅተኛ ነዳጅ ተነስቶ ማርሹ ዜሮ፣ ፍሪሲዮኑ የገባ (ቺንጋው የተወጠረ) ሆኖ ጎማዎቹ ይታዩ። በእጅ ቀለል ብሎ ተይዞ የማይቆም ጎማ ካለ ኩሽኔታ፣ ዘይት ወይም የቀለበቱ ክፍተት ይመርመር፤ ማሽኑ መሬት አይውረድ። ካቴናዎቹና ቺንጋው ተሸፍነው ሥራ ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያው ዘይት ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይቀየር። በውስጡ ደቃቅ የብረት ብናኝ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ማእዘን ያለው ስባሪ ከተገኘ ግን ከቀለበቱ ጥርስ የመጣ ስለሚሆን ሳጥኑ ተከፍቶ ይታይ።